የትኛው ምናራ

«አባባ ላሊ! ዛሬ ምናራውን ሊያፈርሱት ነው! ከቀትር በፊት ይድረሱ ተብለዋል!»

ይህን የጮኸው የባጃጅ ነጂው ካሪሳ ነው። ከኋላው ሁለት ዓሣ ነጋዴ ሴቶችን ከነቅርጫታቸው ጭኖ ስለነበር አልቆመም፤ አንገቱን ብቻ ብቅ አድርጎ ጮኸና ጥሩንባውን እየነፋ በኒሙ ዛፍ ሥር ታጠፈ። ላሊ ደጃፉ ላይ ካለው መደብ ተቀምጦ፣ ሄል ሄል የሚሸት፣ ማሃምሪ የሚባል ትኩስ የዘይት ዳቦ እየቆረሰ በኮኮናት ወተት የተቀቀለ የርግብ አተር እያጠቀሰ ይበላ ነበር። ጉርሻው አፉ ውስጥ ቀረ። ሚስቱ ቲማ ከውስጥ ሆና፣ «የሽኩሪ አባት፣ ምንድን ነው የሚለው?» ብትለው፣ «ምናራውን ሊያፈርሱት ነው» አለ፤ ድምፁ የራሱ አልመስል አለው። «ማን አለ?» አለችው። «ካሪሳ» አላት። «ካሪሳንስ ማን አለው?» ይህን አልጠየቀማ። እዚህች ላይ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ እኔም ይህን ሁሉ የማወራበት ነገር ባልኖረኝ።

እኛ የባሕር ዳሯ ከተማ የማሊንዲ ሰዎች ከቤት ጣሪያ አልፎ ወደ ሰማይ የቆመውን ነገር ሁሉ ምናራ ነው የምንለው። አዛን የሚወጣበትም ምናራ ነው፤ የስልኩ ብረትም ምናራ ነው፤ ከከተማው በስተደቡብ፣ ባሕሩ ውስጥ በገባው ቋጥኝ ጫፍ ላይ፣ ፖርቱጋላዊው ቫስኮ እዚህ ወርዶ ነበር ለማለት የቆመው ነጭ ድንጋይም ምናራ ነው። ቃል አጥሮን አይደለም። ድሮ ሰው «ምናራው» ሲል ስለ የትኛው እንደሚያወራ ከፊቱ ይታወቅ ነበር፤ ሁሉም ሰው የሁሉንም ሰው ጉዳይ ያውቃል። አሁን ግን ሰው በባጃጅ እያለፈ ነው የሚያወራው። ላሊ «የትኛው?» ብሎ ራሱን እንኳ አልጠየቀም። አርባ አንድ ዓመት ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ በኖራ ያነጣው የቫስኮው ምናራ ነበር ወዲያው ዓይኑ ላይ ድቅን ያለው። ለነገሩ ምክንያት አላጣም። ባሕሩ ቋጥኙን ከሥር እየበላው ነው ሲባል ከርሟል። ባለፈው ወርም ባሕር ዳር ከሚውሉት ጎረምሶች አንዱ፣ «ለሌባ ምን ሐውልት ያስፈልገዋል? ፈርሶ ሆቴል ቢሠራበት ይሻላል» ሲል በጆሮው ሰምቶ፣ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም።

ስለ ቫስኮ እኔን አትጠይቁኝ። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት መርከቡን አቁሞ፣ ውኃና ብርቱካን ጭኖ፣ የህንድን መንገድ ጠይቆ የሄደ ሰው ነው። መንገድ ለጠየቀ ሁሉ ሐውልት የሚቆም ቢሆን ኖሮ አውቶቡስ ተራው ፊት ማለፊያ ባልነበረ። መንገዱን ያሳየው ሰው ማን እንደነበር ግን እስከ ዛሬ ይጨቃጨቁበታል። ቢሆንም ምናራው የልጅነታችን ነው። እኔና ላሊ ከመድረሳ ፎርፈን የምንዋኘው እሱ ሥር ነበር። ለኢድ አዲስ ልብስ የለበሰ ሁሉ የሚሄደው ወደዚያ ነው፤ የታጨች ልጅ እጮኛዋን ከሩቅ የምታየው እዚያ ነው። እኔም የዛሬዋን ባለቤቴን መጀመሪያ ያየኋት፣ ላሊ ከላይ ሆኖ ኖራ ሲረጭባት እሷ ስትሳደብ ነው። ስለዚህ ቫስኮን ባልወደውም ምናራውን እወደዋለሁ፤ እንዴት እንደሚሆን አላውቅም፣ ግን ይሆናል።

ላሊ ቁርሱን ትቶ ነጩን ረጅም ቀሚሱን፣ ካንዙውን፣ ለበሰ፤ የተጠለፈ ቆቡን አደረገ። ከዚያ ከአልጋው ሥር ዘንቢል ጎትቶ የአባቱን ብሩሽ አወጣ። ብሩሽ ማለት አሁን ሱቅ የሚሸጠው አይደለም፤ ከኮኮናት ቃጫ የተገመደ፣ እጀታው በስልሳ ዓመት ላብ የጠቆረ ነው። ጥርስ አውጥቶ ከሚመጣ ማፍረሻ መኪና ጋር በብሩሽ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ እሱም አያውቅም። ቲማ ጉልበቷን እያሻሸች በሩ ላይ ቆመችና፣ «ለዚያ ድንጋይ እንዲህ የምትሮጠውን ያህል ለዘመድ ብትሮጥ! የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ» አለችው። ዘመድ ያለችው ማንን እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ፤ የታናሽ ወንድሙ የአቡድ ስም ግን በዚያ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጮክ ተብሎ ተጠርቶ አያውቅም። ላሊ ሳይመልስላት ወጣ። «ቆይ እንጂ፣ የትኛውን ምናራ ነው?» ብላ ከኋላው ተጣራች። እሱ ግን ነገር የምትፈልገው መስሎት እርምጃውን አፈጠነ።

ዓሣ ገበያው ጋ ሲደርስ ገና ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆንም ፀሐይዋ ታቃጥል ነበር። ቀይ ዓሣው ኪሎው አራት መቶ ሃምሳ ሺሊንግ ገብቷል፤ ሴቶቹ ይሳደባሉ፣ ነጋዴው ይምላል። ወደ አሸዋው መስጊድ የምትወስደዋ ጠባብ መንገድ አፍ ላይ ጋሪ ገፊው ቻሮ ድጅኖና መዶሻ ጭኖ መጣ። «አባባ ላሊ! ዛሬማ ይመጣሉ አይደል?» አለው። ላሊ፣ ወሬው ከተማውን አዳርሶታል ማለት ነው ብሎ ልቡ ተነካና፣ «ወደዚያው ነኝ ልጄ» አለ። ቻሮ ጋሪውን ወደ ግራ፣ ወደ መስጊዱ ገፋ። ላሊ በቀጥታ ወደ ባሕሩ ሄደ። ቻሮ በኋላ ሲያስረዳ፣ «ሽማግሌው መጀመሪያ ዓሣ ሊገዛ መስሎኝ» ነበር ያለው።

በቫስኮው ምናራ ግቢ በር ላይ ቲኬት የምትቆርጠው ሲዲ የምትባል የጊሪያማ ጎሳ ልጅ ነች፤ ትሑት ናት፣ ጥፍሯን ግን ሁልጊዜ ትቀባለች።

«አባባ፣ ለአገር ልጅ መቶ ሺሊንግ ነው» አለችው።

«እኔ ነኝ ቲኬት የምቆርጠው? ይህ ግቢ አጥር ሳይኖረው ጀምሮ...»

«አውቃለሁ አባባ። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ነው የሚቀቡት። አሁን ግን ካሜራ ተክለዋል፤ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

«ስንት ሰዓት ነው የሚጀምሩት?»

«እነማን?»

«አፍራሾቹ ናቸዋ!»

ሲዲ ሳቀች። «ኧረ ማንም የሚያፈርሰው የለም! ይልቅ በሚመጣው ወር እንደገና ይቀባል ነው የተባለው።»

«ላንቺ ይነግሩሻል?» አላት ላሊ በሐዘኔታ፤ «እኔንስ መቼ ነገሩኝ?» ብሎ መቶ ሺሊንጉን አስቀምጦ ገባ።

እውነቱን ነው፤ እሱንም አልነገሩትም ነበር። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ጧት ባልዲውን አንጠልጥሎ ሲመጣ፣ ሰማያዊ ቱታ የለበሱ ሦስት ጎረምሶች መሰላል ላይ ወጥተው ከቆርቆሮ ጣሳ ቀለም ሲቀቡ አገኘ። ኃላፊ ነኝ ያለው ወጣት ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ «ሽማግሌ፣ አሁን ይረፉ፤ ዘመናዊ ቀለም መጥቷል» አለው። ያ ነበር ስንብቱ። ዛሬም ላሊ ደርሶ መጀመሪያ ያደረገው ነገር የድንጋዩን ጎን በአውራ ጣቱ መጫን ነው። ቀለሙ እንደ ተቃጠለ ቆዳ አብጦ ነበር፤ ሲጫነው ፈነዳና ከሥሩ ጨው የቀላቀለ ዱቄት ፈሰሰ። «አልተነፈሰም» አለ ለራሱ። የባሕር ድንጋይ ይተነፍሳል፤ ኖራም ስለሚተነፍስ ይስማሙ ነበር። ይህን ያስተማረው አባቱ ምያጂ ነው፤ አላህ ይዘንለት። ላሊ በጥላው በኩል ጀርባውን ለድንጋዩ ሰጥቶ፣ ዘንቢሉን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። የሚመጣ ካለ በእሱ ላይ አልፎ ነው። ጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር።

አፍራሽ ግን አልመጣም። የመጡት አምሳ የሚሆኑ የትምህርት ቤት ልጆች ናቸው፤ መምህራቸው ቀኑንና ዓመተ ምሕረቱን ሲጮህላቸው እነሱ ሸርጣን ሲያባርሩ ነበር። ከዚያ በጣልያንኛ የሚንተባተብ አስጎብኚ፣ ከዚያ ደግሞ ፎቶ ለመነሣት አንድ ሙሽራና ሙሽሪት መጡ። ሙሽራዋ፣ «አባባ፣ ትንሽ ፈቀቅ ቢሉልን?» ብላ ለመነችው፤ ላሊም ፈቀቅ አለ፣ ሲጨርሱም ቦታው ተመለሰ። በዚህ መሐል ልቡ ወደ አባቱ ቤት ሸሸ። ያኔ ኖራ መሥራት እንዲህ ነበር፦ የኮኮናትና የማንግሮቭ ግንድ እንደ ክብ ዳስ ይደረደራል፤ በላዩ የባሕር ድንጋይ ይከመራል፤ ሁለት ቀን ይነዳል። ከነደደ በኋላ ጤዛ እየመታው ራሱን ፈትቶ ነጭ ዱቄት ይሆናል። ይህን በውኃ አቡክተው ጓሮ ከቆፈሩት ጉድጓድ ይከቱታል፤ እርጥብ አሸዋ ለብሶ ዓመት ይተኛል። ሁለቱ ወንድማማቾች፣ ላሊና አቡድ፣ እጃቸው እንዳይበላ የኮኮናት ዘይት ተቀብተው ሲያቦኩ ይውላሉ። አቡድ ትንሽ ስለነበር ዘይቱን ይልሰው ነበር፤ አባታቸውም፣ «ይህ ልጅ ወይ ወጥ ቤት ወይ ሙአዚን ይሆናል፤ አፉ አያርፍም» ይል ነበር። ሙአዚን ሆነ፤ የአሸዋው መስጊድ አዛን ጠሪ።

ምያጂ ሁለት ምናራ ነበር የሚያነጣው። አንደኛው ይኸው የቫስኮው ነው፤ ይህን ለደመወዝ። ጫፉ ላይ ያለውን መስቀል ግን ነክቶት አያውቅም፤ «የሰው ሃይማኖት በብሩሽ አይነካም» ባይ ነው። ሁለተኛው የአሸዋው መስጊድ ምናራ ነው፤ የምያጂ አያት ድንጋይ ተሸክሞ የሠራው፣ ቁመቱ ከሦስት ሰው የማይበልጥ፣ እኛ ልጆች ሆነን ድንኩ እያልን የምንቀልድበት። ይህን ለነፍሱ ነው፤ ቤሳ አይቀበልበትም። አንድ ሕግ ነበረው፦ ጉድጓዱ ሲከፈት የመጀመሪያው ባልዲ የመስጊዱ ነው። ትልቅ ሰው ይምጣ፣ ደመወዙ ይቅር፣ መጀመሪያ ድንኩ ይነጣል፤ ከዚያ ወደ ቫስኮ። ዓሣ አጥማጆቹም ሁለቱን ታላቅና ታናሽ ይሏቸው ነበር። ከባሕር ሲመለሱ፣ ከመርከብ መስበሪያው አለት ለማምለጥ፣ ታናሹ ምናራ ከታላቁ ጀርባ እስኪደበቅ ጠብቀው መሪያቸውን ያዞራሉ። ከሁለቱ አንዱ ካልነጣ መንገዱ አይታይም። ዛሬ ዓሣ አጥማጁ ሁሉ በስልኩ ነው የሚሄደው፤ ሽማግሌዎቹ ግን አሁንም በልማድ ቀና ይላሉ።

ያን ሕግ ያፈረሰው ላሊ ነው። ምያጂ ሲሞት ድንጋይ ከባሕር ማውጣት ተከልክሎ ስለነበር፣ ጉድጓዱ ውስጥ የቀረው ኖራ የመጨረሻው ነበር፤ ከእሱ በኋላ ለቫስኮ የሚመጣው በከረጢት የሚገዛ ኖራ ነው። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ ረጅሙ ዝናብ ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ከወደ ፖርቱጋል ትልቅ እንግዳ ይመጣል፣ ምናራው ወተት ይምሰል ተባለ። ላሊ የመጀመሪያውን ባልዲ ይዞ ወደ ቫስኮ ሄደ። «የመስጊዱን ነገ» ብሎ ለአቡድ ቃል ሰጠው። ነገር ግን አንዱ ዙር አልበቃም፤ ሁለተኛ ደገመ፣ ሦስተኛ ደገመ፤ እንደዚያ አብረቅርቆ አያውቅም፣ እሱም እንደዚያ ኮርቶ አያውቅም። አቡድ ባልዲውን ይዞ ሲመጣ የጉድጓዱ ወለል በአካፋ ተፍቆ ነበር። እንግዳው መጥቶ ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ቆመ፤ ከዘጠኙ አምስቱን ከነፋስ ኮፍያውን ሲይዝ ነው የጨረሰው። በዚያ ዓመት ዝናቡ ድንኩ ውስጥ ገባ። አቡድ ተናዶ በሲሚንቶ መረገው። ሲሚንቶ ደግሞ የባሕር ድንጋይን ያፍነዋል፤ ስንጥቁ በዚያው ጀመረ። ሳይደርቅ በእርጥቡ ሳይርቅ በቅርቡ ይባላል፤ ሁለቱም ስንጥቁን እያዩ ሁለቱም ዝም አሉ። ከዚያ ወዲህ በሠርግም በለቅሶም ሲገናኙ፣ «አሰላሙ ዓለይኩም» ይላል ላሊ፤ «ወዓለይኩም ሰላም» ይላል አቡድ፤ ሰላምታ መመለስ ግዴታ ስለሆነ ብቻ። ከዚያ ወዲያ አንዲት ቃል የለችም። ሚስቶቻቸው ግን በጓሮ በር ሳህን መለዋወጥ አላቋረጡም፤ ባሎቻቸው የወንድማቸውን ቤት ወጥ እንደሚበሉ እያወቁ አያውቁም።

ቀትር ሲሆን ላሊ ተነሣና፣ እንደ ልማዱ ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ ከከተማው አቅጣጫ ድንኩን ፈለገ። በኮኮናቶቹና በአዲሱ ፎቅ መሐል፣ ግራጫ ሆኖ፣ በእንጨት ተደግፎ ቆሟል። «እሱስ አለ» አለ በልቡ። ተወደደም ተጠላም ሁልጊዜ ይፈልገዋል፤ ለማንም ግን ተናግሮ አያውቅም። የቀትሩን ሶላት፣ ዙህርን፣ እዚያው ሣሩ ላይ ሰገደ። ሲዲ ከምሳዋ ግማሽ የተጠበሰ ካሳቫ በሎሚና በበርበሬ አምጥታ፣ «አባባ፣ በረሃብ እንዳይፈርሱብኝ» ብላ ቀለደችበት። በላ። ነፋሱ ደስ ይል ነበር። ድንጋዩ ላይ ደገፍ ብሎ ትንሽ ሸለብ አደረገው፤ በሕልሙም አቡድ ዘይት ሲልስ አየ።

የነቃው ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ዐስር የሚባለው የከሰዓት በኋላ ሶላት አዛን ከከተማው ሲጀምር ነው። ከየመስጊዱ ድምፅ ማጉያ አንዱ በአንዱ ላይ ይነሣል፤ ላሊ ሳያስበው ከዚያ ሁሉ መሐል የወንድሙን ድምፅ መለየት ይችላል። አቡድ «አላሁ አክበር» ሲል መጨረሻው ላይ እንደ አባታቸው ትንሽ ይሰበራል። ዛሬ ያ ድምፅ የለም። ላሊ ተነሣ። በኮኮናቶቹና በፎቁ መሐል ተመለከተ። ዓይኑን አሸት አድርጎ ዳግመኛ ተመለከተ። ድንኩ የነበረበት ቦታ ላይ ሰማይ ብቻ ነበር፤ ከሥሩ ቀጭን ነጭ አቧራ ወደ ባሕሩ ይነፍሳል።

ያኔ ገባው። «ምናራው» የተባለው የትኛው እንደሆነ፣ «ይድረሱ» ያለውም ማን እንደሆነ፣ ሁሉም አንድ ላይ ገባው። «ሲዲ!» ብሎ ተጣራ። ሲዲ ሮጣ ስትመጣ ዘንቢሉን ታቅፎ፣ «ቀትር ላይ ቆሞ ነበር እኮ። በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ቆሞ ነበር» ይላል። ልጅቷ ምኑም ባይገባት ደጅ ወጥታ ባጃጅ ጠራች፤ የመጣውም የተባረከው ካሪሳ ነበር።

«አባባ ላሊ! እዚህ ምን ያደርጋሉ? ወንድምዎ ከጠዋት ጀምሮ መንገድ መንገድ እያየ አይደል እንዴ!»

«ወንድሜ ነው የላከህ?»

«ታዲያ ማን ሊልከኝ! ትናንት ከኢሻ ሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹ ይፍረስ ብለው ወሰኑ፤ ልጆች ላይ ሊወድቅ ነው። እና ጠዋት ‹ለወንድሜ ንገርልኝ› አለኝ። አልነገርኩዎትም?»

«‹ምናራው› አልከኝ።»

«ምናራው ነዋ!» አለ ካሪሳ። ከዚያ በፊት ለፊቱ መስታወት ነጩን ድንጋይ አየው፤ ቀጥሎም የሽማግሌውን ፊት አየ። አሳፍሮት ሲነዳም ሦስት መታጠፊያ እስኪያልፍ አንድም ጊዜ ጥሩንባ አልነፋም።

የመስጊዱ ደጅ በአቧራ ነጭቷል። ሠራተኞቹ ከግድግዳው ጥግ ተኮልኩለው ሻይ ይጠጣሉ። ድንኩ ከወገቡ በታች ብቻ ቀርቷል፤ ቀሪው ድንጋይ ድንጋይ ሆኖ ተከምሯል፤ ያ ዝነኛ ሲሚንቶ ደግሞ እንደ ቅርፊት ተልጦ ብቻውን ወድቋል። አቡድ ከሶላት በፊት መታጠቢያው፣ ውዱ ከሚደረግበት የውኃ ገንዳ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ድምፅ ማጉያውን ጭኑ ላይ ይዟል። ጺሙ ከእኛ ሁሉ ቀድሞ ሸብቷል። ከጎኑ በእንቅብ የተከደነ ሳህን አለ።

«አሰላሙ ዓለይኩም» አለ ላሊ።

«ወዓለይኩም ሰላም።»

አሥራ አንድ ዓመት ነገሩ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነበር። ካሪሳም ባጃጁን ሳያጠፋ ቆሞ የሚሆነውን ይጠብቃል። አቡድ እንቅቡን አነሣና ሳህኑን ወደ ወንድሙ ገፋ አደረገው፤ በቅርንፉድ የተሠራ ሩዝ በሥጋ ነው፣ የሚስቱ እጅ። «ብላ። ቀዝቅዟል» አለው።

ላሊ አልተቀመጠም፤ ሳህኑንም አልነካም።

«ቲማ ጋ ስንልክ ‹ወደ ምናራው ብሎ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ወጥቷል› አለች» አለ አቡድ፣ ድምፅ ማጉያውን እያየ። «እግሩን አሞት አረፍ እያለ ይሆናል እያልኩ ጠበቅኩ። ሠራተኛው በሁለት ሰዓት ነው የመጣው። የመጀመሪያዋን ድንጋይ የምያጂ የበኩር ልጅ ካላነሣት አትነሣም አልኳቸው፤ ሳቁብኝ፣ ግን ጠበቁ። ዙህርን ሰግደን ጠበቅን። ሰባት ሰዓት ሲሆን የሰውን ቀን መግደል አልቻልኩም።»

«ማን አነሣት?»

«እኔ። ቢስሚላህ ብዬ፣ ያንተን ስም ጠርቼ።»

ነጩ የላሊ ካንዙ ጫፍ ላይ የባሕሩ ጨው ደርቆ ነበር። አቡድ እሱን ሲያይ ቆየና ቀና አለ። «እስቲ እውነቱን ንገረኝ። ምናራ ሲሉህ የትኛው መጣልህ?»

ካሪሳ እዚያው ነበር፤ «የእኔ ጥፋት ነው» ለማለት አፉን ከፍቶ ነበር። ላሊ ሁሉን በልጁ ላይ አላክኮ መገላገል ይችል ነበር፤ የባጃጅ ጩኸት ነበር፣ አልሰማሁም፣ አርጅቻለሁ። ሰውም ያምነው ነበር። ይህን ግን አላደረገም፤ ጓደኛዬ ስለሆነ አይደለም እንዲህ የምላችሁ፤ ካሪሳ ራሱ ነው የመሰከረለት።

«የቫስኮው» አለ ላሊ። «ሌላ እንዳለም ትዝ አላለኝ። የሰው ወርቅ አያደምቅ እያለ አባባ እስኪሞት ድረስ መክሮኝ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ የሰው ድንጋይ ስጠብቅ ዋልኩ።» ከዚያም አለቀሰ፤ በሰባ ሦስት ዓመቱ፣ በሠራተኞቹ ፊት፣ እንባውን ሳይጠርግ።

አቡድ ድምፅ ማጉያውን መሬት አስቀመጠ። «እኔም ንጹሕ አይደለሁም» አለ። «ለካሪሳ ‹የኛን ምናራ› በልልኝ ልለው ነበር። ‹የኛ› የምትለዋ ከጉሮሮዬ አልወጣ አለችኝ። አሥራ አንድ ዓመት ብዬያት አላውቅማ። ‹ምናራውን› አልኩት። ያቺን አንዲት ቃል ጨምሬ ቢሆን ኖሮ በሁለት ሰዓት እዚህ ነበርክ።»

ላሊ ገንዳው ጠርዝ ላይ፣ ከወንድሙ ጎን ተቀመጠ። ሳህኑን አንሥቶ በእጁ ጠቅልሎ ጎረሰ። የወንድሙ ሚስት ሩዝ ስለሆነ ጣዕሙን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያውቀው ነበር፤ ዛሬ ግን በፊት ለፊት በር በላው። በዚህ መሐል ቻሮ ጋሪውን እየገፋ መጣ።

«አባባ አቡድ፣ ድንጋዩን ወዴት እንድፋው? ከአውቶቡስ ተራው ጀርባ ጉድጓድ አለ፣ እዚያ ሙሉበት ብለዋል።»

መልሱን የሰጠው አፉን የሞላው ላሊ ነው። «የትም አይደፋም! የባሕር ድንጋይ ነው፤ የተከለከለው ከባሕር ማውጣት ነው እንጂ ይህ የወጣው በቅድመ አያታችን ጊዜ ነው። ይቃጠላል፤ ኖራ ይወጣዋል። እኔ ቤት ጓሮ ውሰደው። የኛ ነው።»

ቻሮ አቡድን አየው፤ አቡድም «ሰማኸው አይደል?» አለው። ከዚያም ወደ ወንድሙ ዞሮ፣ «የመጀመሪያው ባልዲስ ለማን ነው?» ሲል ጠየቀ። እያሾፈ ይሁን እያለቀሰ ካሪሳ እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለም።

ላሊ ሳህኑን አስቀመጠ፤ እጁን በካንዙው ጫፍ አበሰና የአባታቸውን ብሩሽ ከዘንቢሉ አውጥቶ የታናሽ ወንድሙ ጭን ላይ አኖረው። ከዚያ ሩዙን መብላቱን ቀጠለ።